እማ፣ ጉልበትሽ እንዴት አደረ?

እማዬ እንዴት ከረምሽ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ ላይ ሁሌ "ደህና ነኝ፣ ልጆቹስ?" እያልሽ ስለምታልፊኝ ነው ዛሬ የጻፍኩት፣ በቴሌግራም እልከዋለሁ እታለም ታነብልሻለች።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ ጥርሷ ወልቆ ጣራ ላይ ወረወረችው። ትልቁ ጂኦግራፊ ጀምሮልሻል፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት ጎንደር ግን 2,100 ገደማ ስለዚህ አያቴ እውነቷን ነው እዚህ ብርዱ ይብሳል አለኝ። ነይ ባልኩሽ ቁጥር የምትይኝን እሱም ያዘው።

እና የጉልበትሽን ነገር እታለም ነግራኛለች፣ እንዳትቆጪያት። ማለዳ ግድግዳ ይዘሽ እንደምትነሺ፣ ጣቶችሽም ግትር ብለው ነጠላሽን ማጣፋት እንዳቃተሽ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅኩልሽ፣ ሲበርድ ጡንቻው ይኮማተራል መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ፈሳሽም ይወፍራል አሉኝ፣ ግን ስንት ሰዓት ነው የሚቆየው አሉ። ተንቀሳቅሰሽ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከተፈታ አብዛኛውን ጊዜ የእድሜ ነው፣ 1 ሰዓት ካለፈ ወይ ካበጠ ግን ሌላ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለብሽ። ቁስቋም እስክትደርሺ ይለቅሻል ወይስ መቋሚያ ላይ ተንጠልጥለሽ ነው የምታስቀድሺው? ካልሲ አድርጊ ደሞ፣ ያ ወለል በረዶ ነው።

ሳትነሺ እዛው አልጋሽ ላይ ቁርጭምጭሚትሽን አዙሪ፣ ጉልበትሽን እጠፍ ዘርጋ አድርጊ። ማታ ሞቅ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልለሽ ያዢበት፣ የፈላ አይደለም እማ፣ ያቃጥልሻል።

ያን ዲክሎፌናክ የሚሉትን ማስታገሻ ግን ከየት አመጣሽው? ግፊት እንዳለብሽ እያወቅሽ! ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራና ኩላሊትም ይጎዳል፣ አንቺ ደሞ ነቢያትን እስከ 9 ሰዓት ትጾሚና በባዶ ሆድሽ ትውጪዋለሽ። የነፍስ አባትሽን አናግሪያቸው፣ ለታመመ ሰው እኮ ይፈቅዳሉ። ከሰሉስ? በር ዘግተሽ ማንደጃ አጠገብሽ አድርገሽ ትተኛለሽ አሉ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ እኮ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ነው የሚቀረው። ከመተኛትሽ በፊት ይውጣ፣ ብርድ ከሆነ ሌላ ጋቢ ደርቢ። የላኩልሽን ጋቢ ሳጥን ውስጥ ለማን ነው የምታስቀምጭው?

እታለም እዚህ ጋ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አንብቢላት።

እማ፣ አባዬ ሲታመምም "ትንሽ ብርድ መትቶት ነው" ነበር ያልሽኝ። ፈተናዬን ጨርሼ ስመጣ አንቺን ጥቁር ለብሰሽ ሳይሽ ነው የገባኝ፣ አርባው ሊደርስ 3 ቀን ቀርቶት። ለኔ ብለሽ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሁሉም ሰው ይሄንኑ ነው የሚለኝ፣ ግን ማንም ቆመሽ ትቀብሪዋለሽ ወይስ ትፈተኛለሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ይኸው ልጅ ወልጄም አልወጣልኝም። እታለም ደውላ "እናትሽን ብርድ መትቷት" ስትል እኮ ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

ለጥምቀት እመጣለሁ ያልኩሽ... መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ በፕሌን ደሞ ለ4 ሰው አልቻልነውም። ለፋሲካ እናያለን። እባክሽ ጥር 10 ማታ ጥምቀተ ባህሩ ጋ አትደሪ፣ ታቦቱን ሸኝተሽ ግቢ፣ ጠዋት እታለም ትወስድሻለች።

እሁድ እደውላለሁ። "ደህና ነኝ" ካልሽኝ ስልኩን ለእታለም ስጪልኝ ነው የምልሽ።