ካርታው ሳይመለስ

ጅማ፣ ኅዳር 2018

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ እስካሁን አለቅ ብሎ እናትሽ ቡናዋን የምታሰጣው በረንዳ ላይ ነው፤ ለመቀመጫ ቦታ የለንም።

ባለፈው በስልክ ያነሳሽውን እንዳልሰማ ያለፍኩት እናትሽ አጠገቤ ስለነበረች ነው። የቤት ነገር ደግሞ ኔትወርክ እየቆራረጠ የሚወራ አይደለም።

ያልሽው ገብቶኛል። የቤታችን ብድር ሊያልቅ ሰባት ወር ቀርቶታል። ካርታው ከባንክ ሳይወጣ እሱኑ አስይዘን ተጨማሪ ብድር እንውሰድ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የሚሸጠውን ቤት እንግዛ፣ ዕዳውን ኪራዩ ይከፍለዋል ነው ያልሽኝ። ቤት መግዛትሽን አልጠላሁም። ያልተስማማሁት ካርታው ላይ ነው።

ትናንት የብስኩት ቆርቆሮዋን ከቁም ሣጥኑ አናት አውርጄ የባንክ ደረሰኞቹን አገላበጥኩ። በ1998 ስንበደር 150 ሺህ ብር ነበር፣ በ9 በመቶ፣ በ20 ዓመት የሚከፈል። በወር 1,350 ብር። የመጀመሪያው ወር ደረሰኝ ቢጫ ሆኗል፤ ከ1,350ው 1,125 ብሩ ወለድ ነው፣ ከዋናው ዕዳ ላይ የተቀነሰው 225 ብር ብቻ። እናትሽ ያን ቀን ደረሰኙን አይታ «ቆይ፣ ይሄ ሁሉ የማን ነው?» ያለችኝን አልረሳውም። አሁን ነገሩ ተገልብጧል፤ የዚህ ወር ወለድ 70 ብር አይሞላም። ስለዚህ «ጠቅልለህ ክፈልና ተገላገል» የሚሉኝንም አልሰማም፤ ዛሬ ብዘጋው የማተርፈው 300 ብር እንኳ አይደርስ። በነገራችን ላይ የተበደርነው ከኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ነበር። በ2008 ንግድ ባንክ ሲጠቀልለው ዕዳችንም አብሮ ተሻገረ። ባንክ ቢጠፋም ዕዳ አይጠፋም።

ያ 1,350 ብር ያኔ ከደሞዜ ላይ ሲነሳ የሚተርፈው ለአስቤዛ አይበቃም ነበር፤ ያኖረን የእናትሽ ደሞዝ ነው። ዛሬ 1,350 ብር ሁለት ኪሎ ቡና ከገዛ ጥሩ ነው። ይህን አይተሽ ይሆናል ብድር እያደር ይቀላል የምትዪው። እርግጥ ቀሎልናል፣ ብር ስለረከሰ። ግን እኛ የተበደርነው በ9 በመቶ ነው።

እስቲ አንቺ ያልሽውን እናስላው። ቤቱ 3 ሚሊዮን ነው ብለሻል። አንድ ሚሊዮኑን ከቁጠባሽና ከዕቁብሽ አወጣሽ፣ ሁለት ሚሊዮን ተበደርሽ እንበል። ወለዱ 18 በመቶ ቢሆን፣ በ20 ዓመት፣ በወር ወደ 30,900 ብር ነው። ከዚያ ውስጥ 30 ሺሁ የመጀመሪያው ወር ወለድ ነው! የቤቱን ኪራይ እዚያው ሰፈር ጠይቄ ነበር፣ 14 ሺህ አሉኝ። 17 ሺህ ብር ከደሞዝሽ በየወሩ ይወጣል ማለት ነው። ኪራዩን እጨምራለሁ እንዳትዪ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል፤ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ጭማሪም አከራዩ በፈለገ ጊዜ የሚያደርገው አይደለም። ስም ሲዛወር ደግሞ የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነው፣ ያ ብቻ 60 ሺህ ብር።

የእኔም ዕድሜ አለ። ሰኔ ላይ 60 እሞላለሁ፣ ጡረታ ነው። ለጡረተኛ ማን የ20 ዓመት ብድር ይሰጣል? ቢሰጥስ የሚከፈለው ከምንድን ነው?

ሌላም ነገር አለ፣ ነግሬሽ አላውቅም። አያትሽ ሁለት ቤት ነበረው። አንዱ ያኔ የምንኖርበት፣ ሌላው ሄርማታ መርካቶ አጠገብ ለአንድ ልብስ ሰፊ ያከራየው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የደርግ አዋጅ 47 ወጣና ሁለተኛው ቤት «ትርፍ ቤት» ተባለ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኪራዩ 30 ብር ስለነበረ ቤቱ ለቀበሌ ገባ፤ ልብስ ሰፊው ለአባቴ መክፈሉን ትቶ ለቀበሌ መክፈል ጀመረ። ሰውየው ምን ያድርግ፣ እሱም አፍሮ ነበር፤ የትምህርት ቤት ሱሪዬን ሲያጥፍልኝ ብር አልቀበል አለኝ። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ በዚያ መንገድ አላለፈም፣ ገበያ ሲሄድ ዞሮ ነበር የሚሄደው። የቀረን አንዱ፣ የምንተኛበቱ፣ ምንም ያልነካው ነበር። ያ ዘመን ይመለሳል ማለቴ አይደለም። ሁለተኛ ቤት ሲባል ግን እኔ ቀድሞ የሚታየኝ ያ ነው።

ለዛሬ ሰው ቤቱን ለማጣት አዋጅ አያስፈልገውም፣ ባንኩ ይበቃል። ቡና ነጋዴውን ጎረቤታችንን ታስታውሺዋለሽ፣ አቮካዶ ይሰጥሽ የነበረውን። ቤቱን አስይዞ ቡና ገዛ፣ ዋጋው ወደቀበት፣ መክፈል አቃተው። በሕጉ ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የያዘውን ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ወረቀቱን በሩ ላይ ለጥፈውበት ሳይነቅለው ሳምንት ሙሉ እያየው ሲገባና ሲወጣ ነበር።

እና እኔ የምለው ይህን ነው። ቤቱን ከፈለግሽው በስምሽ ተበደሪ፤ አንቺ 32 ዓመትሽ ነው፣ ለጡረታ 28 ዓመት አለሽ። መያዣውም የምትገዢው ቤት ራሱ ይሁን። ባንኩ በራሱ መሐንዲስ አስገምቶ ከግምቱ ከፊሉን ብቻ ነው የሚያበድረው፣ ግምቱም ከገበያው ዋጋ ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ልዩነቱን ከኪስ ነው የምትሞይው። ያ ገንዘብ ከሌለሽ አንድ ሁለት ዓመት ጠብቂ። ሻጩ ካርታ አለኝ ይላል፤ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት እኔ አጣራልሻለሁ፣ ያ እግር ብቻ ነው የሚፈልገው። የወር ክፍያው ቢጎድልብሽ ከጡረታዬ የምችለውን እጨምራለሁ። ይህን ቤት ግን አላስይዝም። እናትሽም መፈረም አለባት፣ እሷ ደግሞ አትፈርምም፤ ጠይቄያታለሁ።

የመጨረሻውን ክፍያ ግንቦት ላይ እከፍላለሁ። ባንኩ የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ ሲጽፍልኝ ማዘጋጃ ቤት አብረሽኝ ብትሄጂ ደስ ይለኛል፣ ከቻልሽ ፈቃድሽን ያኔ አድርጊው። እናትሽ የብስኩቷን ቆርቆሮ ለቅመም ፈልጋታለች፣ 20 ዓመት ጠብቄያለሁ እያለች ነው።

አባትሽ