ቦቢን ለሰው አንሰጥም

የኔ ጌታ፣ እንደምን ሰነበትክ? የሃዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፣ ልጆችህም ደህና ናቸው። «እማዬ፣ ልጆቹን ከነከሰማ ለሰው ስጪው» ብለህ ስልኩን ዘጋኸው። አንተ በስልክ ሰው አታስጨርስም፣ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ቦቢ ክፉ ውሻ አይደለም። ጀርመን ሼፐርድ ካልክ የገዛኸው እረኛ ነው። በፈረንጆቹ 1899 ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የሚባል ጀርመናዊ የጦር መኮንን ይህን ዘር ማደራጀት ሲጀምር መነሻው የበግ ጠባቂ ውሾች ነበሩ፤ መንጋውን ይዞሩታል፣ ያፈነገጠውን በጥርሳቸው ያዝ አድርገው ይመልሳሉ። እኛ ግቢ በግ የለ። ልጆችህ ናቸው ያሉት፣ እነሱም ከትምህርት ቤት ሲገቡ አባሮሽ ብለው እየጮኹ ይበተናሉ፣ ቦቢ ደግሞ ሥራ የተሰጠው ይመስለውና ተረከዝ ተረከዛቸውን፣ የትንሿን ልጅህን ቀሚስ ጫፍ ያዝ ያዝ ያደርጋል። ቁጭ ብለው የቤት ሥራ ሲሠሩ ግን ዞር ብሎም አያያቸው። በዚያ ላይ ገና አራት ወሩ ነው፤ 28ቱ የወተት ጥርሶቹ እየረገፉ በ42 ሊተኩ ነው፣ ድዱ ያስጨንቀዋል።

ጎረቤት መካሪ አያጣም። «ቀን በሰንሰለት እሰሪው፣ ሲነክስ አፉን በጫማ በይው» ይሉኛል። አላደርገውም። ታስሮ የዋለ ቡችላ ሲፈታ ይብስበታል፤ የተመታ ደግሞ እጅ መፍራት ይለምዳል፣ አንዳንዱም ማጉረምረሙን ትቶ ሳያስጠነቅቅ መንከስ ይጀምራል። እኔ እሱን ነው የምፈራው።

ለልጆቹ ጨዋታ አስተማርኳቸው፣ «ሐውልት» ይባላል። ቦቢ ሲመጣባቸው እንደ አራት ኪሎው ሐውልት ቀጥ ማለት፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ዓይኑን ሳያዩ፣ ድምፅ ሳያሰሙ። የማይሮጥ ነገር አይነዳም፣ ይሰለቸዋል። ትልቁ ጎበዝ ነው። ትንሿ ሳቋ ያመልጣታል፣ ሳቋን ሲሰማ ደግሞ እንደገና ይነሳበታል፣ ስለዚህ እሷንና ቦቢን ለብቻቸው ትቼ ወደ ማጀት አልገባም። ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት የአንገት ገመዱን አድርጌለት ጫፉን በእጄ እይዛለሁ። ሊነሳ ሲል፣ ከነከሰ በኋላ ሳይሆን ሊነሳ ሲል፣ «ና!» ብዬ እጠራዋለሁ፤ ከመጣ ጣት ጥፍር የምታክል የተቀቀለ ሥጋ አለችው። ከነከሰ ጨዋታው አበቃ፣ ሁላችንም ቤት እንገባለን። ጠዋት መኪና ሳይበዛ ወደ ፒያሳ በሚወስደው በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ይዤው ወጣ እላለሁ፣ ጉልበቴም ተፍታታልኝ። ከሰዓት ደግሞ ማንም እንዳይነካው አድርጌ አስተኛዋለሁ። ቡችላ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት መተኛት አለበት፣ እንቅልፍ ካጣ እንደ ልጅ ይነጫነጫል፣ የሱ ብስጭት ግን በጥርስ ነው።

እስካሁን ቆዳ አልተበሳም። ከተበሳ ቡና መነስነስ የለም፤ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ ነው፣ ውሻው ቢከተብም። ሦስት ወር ሲሞላው የተከተበበትን የእብድ ውሻ ክትባት ካርድ የት እንዳስቀመጥከው ንገረኝ፤ ዓመቱ ላይ ሊደገምለት ይገባል።

ስትመጣ ጠንካራ የላስቲክ ኳስ ይዘህ ና። መርካቶ የገዛሁትን በአንድ ቀን በጣጥሶታል።

እናትህ