ለድሬዳዋና ለሐረር ደንበኞቻችን፦ ስለ ቦሌው የ5 ሰዓት ትራንዚት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከድሬ ተነስቶ በቦሌ በኩል ውጭ ለሚሄድ ሰው ከ5 ሰዓት ያነሰ ትራንዚት ያለው ቲኬት አንቆርጥም ማለታችን ብዙዎቻችሁን አስቆጥቷል። አስቀድመን ሳንነግራችሁ መጀመራችን ስህተት ነው፤ ይቅርታ። ውሳኔው ግን ይቀጥላል።

«የአንድ ሰዓት በረራ ነው፣ 5 ሰዓት ምን ያደርጋል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ከድሬ አዲስ አበባ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣጣው ያለው ከወረዱ በኋላ ነው። ሁለቱ ቲኬቶች ለየብቻ የተቆረጡ ከሆነ ሻንጣ ይጠበቃል። ከአገር ውስጡ ተርሚናል ወደ ዓለም አቀፉ ይኬዳል። እንደገና ፍተሻ፣ ቼክ ኢን፣ ኢሚግሬሽን። የድሬው በረራ ከዘገየ ሁለተኛው አይጠብቅም፤ ገንዘቡም እዚያው ቀረ ማለት ነው።

አምና ክረምት አንዲት እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ዋሽንግተን ይሄዱ ነበር። የ2 ሰዓት ትራንዚት የቆረጥኩላቸው እኔ ነኝ። የድሬው በረራ ዘገየ፣ የዋሽንግተኑ አመለጣቸው። የገንፎ ዱቄት የያዘውን ዘንቢል እቅፍ አድርገው ወንበር ላይ አደሩ። ጠዋት ሲደውሉልኝ አልተቆጡም። «አይዞህ ልጄ» ነው ያሉኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። አዲሱን ቲኬት ከኪሴ ገዛሁ።

ደግሞ ከቦሌ በኋላ ያለው መንገድ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቲኬቱ ላይ ማታ 4:30 ተነስቶ ጠዋት 2 ሰዓት ይገባል የሚል ካያችሁ «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው» እንዳትሉ። ሁለቱም የየአገሩ ሰዓት ነው። እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ጨምሩበት። ሲኬድ መንገድ ላይ ነዳጅ ይቀዳል፤ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ነፋሱም ከፊት ነው። ሲመለስ ግን በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። እንዲህ ያለ መንገድ የሚጠብቀውን ሰው ቦሌ ላይ እያሯሯጥኩ መላክ አልችልም።

ከሐረር ለምትመጡት ደግሞ የደንገጎ ቁልቁለት አለ። ጭነት መኪና ከፊት ከገባ አንድ ሰዓት የነበረው መንገድ የት እንደሚደርስ እናንተው ታውቁታላችሁ።

«ከሆቴል ጋር ተሻርኮ ነው» መባሉን ሰምቻለሁ። ይሄ አሞኛል። ከማንም ሆቴል አምስት ሳንቲም አልበላሁም። ከዚራ ላይ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ስልክ ስጀምር የመጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ፤ ዛሬ የልጆቻችሁን ቲኬት እቆርጣለሁ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የውጭ ቲኬት በብር ምን ያህል እንደናረ አይታችኋል። የቤት ኪራዩም ጨምሯል። የአገልግሎት ክፍያችንን ግን አልነካንም። አቦ፣ ሌላ ቦታ አጭር ትራንዚት ይቆርጡላችኋል፤ አውቃለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንዴ አነጋግሩኝ።

አጭር ትራንዚት ያለው ቲኬት ከእኛ የቆረጣችሁ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። የድሬውን በረራ ወደ ጠዋት ስንቀይርላችሁ የእኛን የአገልግሎት ክፍያ አንጠይቅም። በሩ ጠዋት 2:30 ይከፈታል፣ እኔም እዚያው ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
የቲኬት ቢሮው ባለቤት
ከዚራ፣ ድሬዳዋ