ይድረስ ለልጄ፦ ስለ ጠየቅሽኝ ፔርሙዝ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 12 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፦ እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጤፉ አጨዳ ተጀምሯል፤ ስለ እኛ አታስቢ።

«ጠዋት ይዤው የወጣሁት ሻይ፣ ለጤና ሥራ ቤት ለቤት ስዞር፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይቀዘቅዛል፤ ከማርቆስ ደህና ፔርሙዝ ፈልጉልኝ» ብለሽ ከላክሽብኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የዘገየሁት ችላ ብዬሽ አይደለም። ገበያ ወጥቼ ሁለት የብረት ፔርሙዞች አየሁ። አንደኛው ከበድ ያለና ዋጋውም የከበደ ነው፤ ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ሲሆን፣ ሁለቱም ላይ «24 ሰዓት ትኩስ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንብቦ ዝም ብሎ ገንዘብ ሊከፍል አይችልም፤ ትኩስ ማለት ስንት ዲግሪ እንደ ሆነ ጽሑፉ አይናገርምና። ሁለቱንም ገዛሁ። አያትሽ የተዉልንን፣ አበባ የተሳለበትን ባለ መስታወት ፔርሙዝ ሦስተኛ አድርጌ ጨመርሁ። ሦስቱም አንድ አንድ ሊትር ይይዛሉ። ከዚያም ከቀድሞ ትምህርት ቤቴ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ተውሼ ወደ ሙከራው ገባሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት በእኔው ጥፋት ከንቱ ቀረ። ጓጉቼ በየሰዓቱ ክዳን እየከፈትሁ ሳይ አደርሁ፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ ሙቀቱን ይዞ ስለሚወጣ፣ ንጋት ላይ የመዘገብሁት ቁጥር ለምንም የማይሆን ነበር። ሁለተኛውን ሌሊት ያበላሸችብኝ እናትሽ ናት። የንስሐ አባታችን ማለዳ ጎራ ቢሉ፣ ከመስታወቱ ፔርሙዝ ሁለት ብርጭቆ ቀድታ ሻይ አቀረበችላቸው። ሙከራ ላይ መሆኔን ባስታውሳት፣ «ታዲያ ለእንግዳ ያልሆነ ሙቅ ውሃ ለማን ሊሆን ነው?» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ከዚያ በኋላ ሥርዐት አበጀሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ውሃ አፍልቼ፣ አስቀድሜ በሙቅ ውሃ ባሞቅኋቸው ሦስት ፔርሙዞች እስከ አንገታቸው እኩል ሞልቼ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። የቤቱ ሙቀት 17 ዲግሪ ነበር። በእያንዳንዱ ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ከፍቼ ለካሁ፦ በመጀመሪያው ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ በሌላው ከ12 ሰዓት በኋላ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሙሉ ቀን ጠብቄ በ24 ሰዓት። ከተሞሉ በኋላ በሦስቱም ውስጥ ውሃው 89 ዲግሪ ነበር። ለምን 100 አልሆነም ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ከአሁኑ ልንገርሽ፦ ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ 1 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንቺ ያለሽበት የጮቄ ተረተር 3 ሺህ ሜትር ከደረሰ፣ ምድጃሽ ላይ ቢንተከተክም ከ90 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ሻይሽ ገና ሲቀዳ ቆላ ከሚቀዳው ይቀዘቅዛል።

የአያትሽ ፔርሙዝ አሸነፈ። በስድስት ሰዓት 77፣ በ12 ሰዓት 67፣ በ24 ሰዓት 52 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ከባዱ የብረት ፔርሙዝ በቅደም ተከተል 72፣ 59 እና 42 ዲግሪ አሳየ። ርካሹን ግን መለካት እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ሞልቼ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሆዱን በመዳፌ ብነካው እንደ ሻይ ብርጭቆ ይሞቃል። በስድስት ሰዓት 36 ዲግሪ ወርዶ፣ በማግሥቱ ጠዋት 22 ዲግሪ ሆነ። ሻጩ «ክዳኑን አላጠበቅህም» ብሎ ሊከራከረኝ ሞከረ፤ ዳሩ ግን ውጭው የሚሞቅ ፔርሙዝ በሁለቱ ግድግዳዎቹ መካከል አየር ገብቶበታል ማለት ነውና ክዳን አያድነውም።

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ጄምስ ዴዋር የተባለ ስኮትላንዳዊ ኬሚስት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892፣ እጅግ ቀዝቅዘው ፈሳሽ የሆኑ ጋዞችን የሚያቆይበት ዕቃ ሲፈልግ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ሁለት የመስታወት ጠርሙሶችን ሠርቶ በመካከላቸው ያለውን አየር አስወጣ። ሻይ አላሰበም፤ ዓላማው የውጭው ሙቀት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነበር፤ ሙቀት መግባት የተከለከለበት ዕቃ መውጣትም ይከለከልበታልና በኋላ ጀርመኖች ለመጠጥ አድርገው ለገበያ አቀረቡት። ዴዋር የባለቤትነት መብት ስላላስመዘገበ ከንግዱ አልተጠቀመም። አየር ከሌለ ሙቀቱን ተቀብሎ የሚያሻግር ነገር የለም፤ በጨረር የሚሄደውን ደግሞ እንደ ፊት መስታወት የሚያበራው የብር ቅብ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። የቀረው መውጫ አንገቱና ክዳኑ ነው። የአያትሽን ፔርሙዝ የውስጥ መስታወት አውጥተሽ ሥሩን ብታዪ፣ አየሩ ተስቦ የተዘጋባት የጡት ጫፍ የምታክል ሹል ታገኛለሽ፤ እርሷ ከተሰበረች ፔርሙዙ ተራ ጠርሙስ ይሆናል። አንቺ የምትሸከሚው የክትባት ሣጥን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚጠብቀው በአረፋ ፕላስቲክ ግድግዳውና በበረዶው እንጂ በዚህ ዘዴ አይደለምና፣ ሁለቱን አንድ አታድርጊያቸው።

ለአንቺ የሚጠቅመው ግን ሌላ ሙከራ ነው። እናትሽ ካበላሸችው ሌሊት ሐሳብ አግኝቼ፣ የአያትሽን ፔርሙዝ እስከ ግማሹ ብቻ ሞልቼ አሳደርሁት፤ ሙሉው 67 ዲግሪ ባሳየበት ሰዓት ግማሹ 54 ሆኖ ተገኘ። በአንገቱ የሚወጣው ሙቀት ያው ሆኖ ሳለ ሙቀት የያዘው ውሃ በግማሽ ስላነሰ ነው። ሳላሞቅ የፈላ ውሃ የሞላሁበት ጊዜ ደግሞ ገና ከመነሻው 86 ዲግሪ ላይ ጀመረ፤ ሦስቱን ዲግሪ ቀዝቃዛው መስታወት ወሰደው። አንድ ስኒ ብቻ ልትጠጪ ብታስቢ እንኳ ሞልተሽ ያዥ፤ የተረፈው ለምታገኚያቸው አራስ እናቶች ይሆናል።

እንግዲህ የትኛውን እንደምልክልሽ ታውቂ ዘንድ፦ የምልከው ከባዱን የብረት ፔርሙዝ ነው። አንቺ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሞልተሽ የምትጠጪው በቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት አንዱ 77 ሌላው 72 ነው፤ ሻይ ደግሞ አፍ ሳያቃጥል የሚጠጣው ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ስለ ሆነ፣ በሁለቱም ቢሆን እፍ እያልሽ ነው የምትጠጪው። በሌላ በኩል የአያትሽ መስታወት ከመዝገብና ከመድኃኒት ጋር ቦርሳ ውስጥ ተጥሎ በዚያ ቁልቁለት አንድ ሳምንት አይቆይም። እርሱ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ለእንግዳ ይሁን።

ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ አፍስሰሽ አምስት ደቂቃ አቆይተሽ ድፊው፤ በክዳኑ ውስጥ ያለችውን ጎማ እየፈታሽ እጠቢያት፤ ጎማዋ ስትሸረፍ ሙቀቱ በዚያ ያመልጣል። ሰኞ የነቢያት ጾም ስለሚገባ እስከ ገና ድረስ የወተት ነገር አያሳስበኝም እንጂ፣ ወተት ያለበት ሻይ ቀኑን ሙሉ በፔርሙዝ አታቆዪ፤ ለብ ያለ ወተት የጀርም ማርቢያ መሆኑን ለአንቺ መንገር ለቄስ መጽሐፍ እንደ ማስተማር ነው፤ ቢሆንም አባት ነኝና ተናገርሁ።

ከፔርሙዙ ጋር ቴርሞሜትሩንም ልኬልሻለሁ፤ ውሰት ስለ ሆነ ለገና ስትመጪ ይዘሽው ነይ። ጧት ሞልተሽ፣ መንገድ ላይ ሳትከፍቺ፣ በቀኑ 6 ሰዓት ለክተሽ ቁጥሩን ላኪልኝ። ውጭው በቀዘቀዘ መጠን ሙቀቱ ቶሎ ስለሚሸሽ፣ የእኔ 72 በእናንተ ውርጭ ስንት እንደሚሆን ማወቅ እሻለሁ። የጤና ኬላውን የሰውነት ሙቀት መለኪያ ግን አደራሽን እንዳትነክሪበት፤ እርሱ 42 ዲግሪ ላይ ያልቃል።

አባትሽ