ታርጋውን ሳይፈታ የሚወዳደር ቪትዝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን በስፖርት ገጻችሁ ስለ ፎርሙላ ዋን የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ጸሐፊው የመኪና ውድድር የገንዘብ ውድድር ነው፣ ጥሩ መኪና የያዘ ያሸንፋል፣ ሾፌሩ ጌጥ ነው ብሎ ዘጋው። ስለ ፎርሙላ ዋን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። የዓለምን የመኪና ውድድር ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ መፍረዱ ነው ብዕር ያስነሳኝ።

እኔ መካኒክ ነኝ። ጋራዤ ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ቪትዝ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። የባንክ ሠራተኛው፣ የራይድ ሾፌሩ፣ መንጃ ፈቃድ ገና ያወጣችው ልጅ፣ ሁሉም እሱ ላይ ናቸው። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ደግሞ ያለንን እንደ ዓይናችን ብሌን ነው የምንጠብቀው። ታዲያ ደንበኞቼን "ይሄ መኪና እኮ ጃፓን ውስጥ የራሱ ሻምፒዮና ነበረው" ስላቸው ይስቁብኛል።

ቀልድ አይደለም። ቶዮታ ቪትዝን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው በ1999 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2000 ኔትዝ ካፕ ቪትዝ ሬስ የሚባል ውድድር ተጀመረ። ኔትዝ ቪትዝን ይሸጡ የነበሩት የቶዮታ መሸጫዎች የጋራ ስም ነው። ተወዳዳሪው ሁሉ ቪትዝ ይነዳል፣ ሌላ መኪና አይገባም። በ2020 ጃፓን ውስጥ የቪትዝ ስም ቀርቶ መኪናው ያሪስ ተባለ። ውድድሩም ከ2021 ጀምሮ ያሪስ ካፕ ሆኖ ቀጠለ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን መኪናው ታርጋ ያለው መሆኑ ነው። ባለቤቱ ሰኞ ሥራ የሚሄድበት መኪና ነው። የውድድሩ ቀን ሲደርስ ራሱ እየነዳ ትራኩ ድረስ ይሄዳል፣ ይወዳደራል፣ ካልተጋጨ በዚያው መኪና ቤቱ ይገባል። ለውድድር ሲባል የሚጨመረው በአብዛኛው ለደህንነት ነው። ቢገለበጥ ጣሪያው እንዳይጨፈለቅ ውስጡ በብረት ቱቦ ይታጠራል፣ የውድድር ወንበርና ቀበቶ ይገባለታል። ሞላና አሞርዛተሩ ደንቡ የፈቀደው ብቻ ነው። ሞተሩን መነካካት ክልክል ነው። በኋለኞቹ ዓመታት የቪትዙ ሞተር 1.5 ሊትር ነበር፣ ጉልበቱ ወደ 110 የፈረስ ጉልበት፣ ካምቢዮው ማንዋል ባለ አምስት ማርሽ። እኛ ጋ በብዛት ያለው 1.0 እና 1.3 ስለሆነ ትንሽ ይበልጠናል፣ ግን ያው ቪትዝ ነው።

ታርጋ አለው ማለት ደግሞ የመንገድ ሕግም ያገኘዋል ማለት ነው። ማታ ማታ ማርሚታ ቆርጠው ሰፈር የሚቀሰቅሱ ልጆቻችን ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል። እነሱ ውድድር የሚመስላቸው ጩኸት እዚያ መኪናውን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያስከለክለዋል።

የውድድር ዘመኑ በክልል የተከፈለ ነው። በሰሜን ሆካይዶ ላይ ቶካቺ የሚባል ትራክ አለ፣ በደቡብ ኪዩሹ ላይ ኦቶፖሊስ አለ። መሃሉ ላይ ሱጎ፣ ፅኩባ፣ ፉጂ፣ ሱዙካና ኦካያማ አሉ። ሰው በአቅራቢያው ባሉት ትራኮች ነጥብ ይሰበስባል፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከየክልሉ የመጡት ይገናኛሉ። ለመወዳደር አገሩን ሙሉ መዞር አይጠበቅበትም። ለደመወዝተኛ ትልቅ ነገር ነው።

ፉጂን ለብቻው ላንሳው። ትራኩ 4.563 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀጥታ መንገዱ ብቻ ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ተመዝጋቢው ስለሚበዛ በቡድን ተከፍለው የሰዓት ማጣሪያ ያደርጋሉ። ያላለፈውም ቦርሳውን ይዞ አይሄድም፣ ለወደቁት የተዘጋጀ የማጽናኛ ውድድር ነበራቸው። ወደዚያ ቀጥታ መንገድ ሲወጡ ነው ጉዱ። መኪናዎቹ እኩል ስለሆኑ ማንም ማንንም በጉልበት ጥሎ አይሄድም። የፊተኛው አየሩን ይከፍታል፣ የኋለኛው በከፈተለት ገብቶ ይደርስበታል። መጨረሻው ዙር ላይ መምራት አንዳንዴ መርገምት ነው። ስለዚህ ሾፌሩ መቼ እንደሚቀድም ብቻ ሳይሆን መቼ ሰው እንደሚያስቀድምም ማሰብ አለበት።

ደግሞ ጉልበት የሌለው መኪና ስህተት አይምርም። ባለ 500 ፈረስ መኪና ላይ ኩርባ ብታበላሽ ነዳጅ ረግጠህ ታካክሰዋለህ። ቪትዝ ላይ ፍሬን ትንሽ ከበዛ ያ ፍጥነት ቶሎ አይመለስም፣ ቀጥታውን ሙሉ ዕዳ ትከፍላለህ። መሪውን አብዝተህ ከጠመዘዝክ የፊት ጎማው ይፋጫል፣ ፍጥነቱም በዚያው ያልቃል። ሾፌር ጌጥ ነው ያለው ጸሐፊ ይህን ተቀምጦ ቢያይ ሐሳቡን የሚለውጥ ይመስለኛል።

ይህ ክርክር ለእኛ አዲስ መሆን የለበትም። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ 2:11:53 ስትገባ "ጫማው ነው የሮጠው" ያለ ሰው ነበር። እኛ ግን ጫማ ብቻውን አይሮጥም እንዳልን ታስታውሳላችሁ። የቪትዙ ውድድር ሁሉንም አንድ ዓይነት ጫማ አድርጎ ማስሮጥ ነው።

እርግጥ ገንዘብ በአንድ ሞዴል ውድድርም ጨርሶ አይጠፋም፣ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ሞተሮች እኩል አይደሉም። ገንዘብ ያለው ሞተሮችን አወዳድሮ የተሻለውን ይመርጣል፣ ጎማ ቶሎ ቶሎ ይቀይራል፣ ትራክ ተከራይቶ ይለማመዳል። ፍተሻ የሚባለው ነገር ስለዚህ ነው ጥብቅ የሆነው። ከውድድር በኋላ የአሸናፊዎቹ መኪና ይፈተሻል፣ ከደንብ ውጪ የሆነ ነገር ከተገኘ ውጤቱ ይሰረዛል። እንደ መካኒክ ከዋንጫ አሰጣጡ ይልቅ ይሄን ፍተሻ ባየው እመርጣለሁ።

እንግሊዝ አገር የነበረውን ሌላ የአንድ ሞዴል ውድድር፣ የሬኖ ክሊዮ ካፕንም ላንሳ። ከ2014 ጀምሮ የነበረው ክሊዮ ሞተሩ 1.6 ቱርቦ፣ ጉልበቱ 220 የፈረስ ጉልበት ነበር። ከቪትዙ ጋር ሲተያይ አውሬ ነው፣ ታርጋም የለውም። ሞተሩ እንዳይነካካ ታሽጎ ነበር የሚሰጠው። እስከ 2019 ድረስ ከአገሪቱ ዋና የቱሪንግ መኪና (ከመንገድ መኪና የተሠሩ የውድድር መኪኖች) ሻምፒዮና ጋር በአንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በአንድ ትራክ ይወዳደሩ ነበር። በ2015 የውድድር ዘመን ሁለት አሾች አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። ሻምፒዮኑ አሽ ሰተን፣ ተከታዩ አሽ ሃንድ። ሰተን በ2017 የዋናው ሻምፒዮና አሸናፊ ሆነ፣ ከዚያም በ2020፣ በ2021ና በ2023 ደገመው። ክሊዮ ላይ ሁለተኛ የወጣው ሃንድ ግን ያን ዋንጫ አላገኘውም። የክሊዮውን ሰንጠረዥ ይከታተል የነበረ ጋዜጠኛ ሰተን ታዋቂ ሳይሆን በፊት ያውቀው ነበር። ትልልቆቹን ብቻ የሚዘግብ ደግሞ ልጁ ከየት መጣ እያለ ይጠይቃል።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። አንድ የውድድር ዘመን፣ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው፣ ያሪስ ካፕን ተከታተሉልን። የደረጃ ሰንጠረዡ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች በትንሹ ቢቀመጥ ቦታ አይፈጅም። ማን እንዳሸነፈ ብቻ ሳይሆን ማን እንደተሰረዘና ለምን እንደተሰረዘም ጻፉ። ያሪስ ካፕ ላይ አውቶማቲክ ካምቢዮ ላላቸው መኪኖች የተለየ ምድብ አለ። ማንዋል ነክቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሾፌርም ራሱን እዚያ ውስጥ ማየት ይችላል።

ቪዲዮዎቹ ዩቲዩብ ላይ አሉ። ጃፓንኛው ቢያስቸግርም ከመኪናው ውስጥ የተቀረጹትን ስታዩ ቋንቋ አያስፈልጋችሁም። ስለ ካምቢዮና ስለ ፍሬን የሚጠይቃችሁ አንባቢ ከመጣ እኔ ጋ ላኩት። እሁድ ግን እንዳይመጣ፣ እሁድ ቪዲዮ ሳይ ነው የምውለው።

የዘወትር አንባቢያችሁ
መካኒክ፣ ከአዲስ አበባ