እኛ መካኒክ ስንፈልግ መካኒኩ በር ይጠብቃል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለጋዜጣ ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። በአንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ማስታወቂያ ማውጣት፣ መፈተን፣ መቅጠር፣ ፋይል መያዝ የዕለት ሥራዬ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ 11 ዓመት በመከላከያ ሠራዊት አገልግሎ፣ እግሩን ቆስሎ የተመለሰ ነው። ሠራዊቱ ውስጥ የከባድ መኪናና የጄኔሬተር መካኒክ ነበር። ዛሬ እዚሁ ሐዋሳ የአንድ ሕንፃ የማታ ጥበቃ ነው።

እኔ የምሠራበት ፋብሪካ የጄኔሬተርና የኮምፕረሰር ቴክኒሻን ፈልጎ ካጣ አራት ወር አልፎታል።

አንድ ማታ እራቱን በምሳ ዕቃ ይዤለት ሄድኩ። በሩ ሥር ባለችው የቆርቆሮ ቤት ቁጭ ብሎ መብላት እንደጀመረ መብራት ጠፋና የሕንፃው ጄኔሬተር ተነሳ። ወንድሜ የጠቀለለውን ጉርሻ እንደያዘ እጁ ቆመ። «ትሰሚያለሽ?» አለኝ። እኔ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው። «አንዱ ሲሊንደር እየሠራ አይደለም፤ ኢንጀክተሩ ነው፤ እንዲህ እያስነሱት ከከረሙ ይቆምባቸዋል» አለና መብላቱን ቀጠለ። በማግስቱ ለሕንፃው አስተዳዳሪ ሄዶ ነገረ። የተሰጠው መልስ «አንተ በርህን ጠብቅ» የሚል ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጄኔሬተሩ ቆመ፤ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ተጠራ፤ አበል ተከፈለ፤ ሆቴል ተያዘ። የባለሙያውን የመፍቻ ሳጥን ከመኪና አውርዶ፣ እያነከሰ ምድር ቤት ድረስ ተሸክሞ ያስገባው ወንድሜ ነው። ችግሩም ኢንጀክተሩ ነበር።

ይህን የማነሳው ወንድሜን ለማስቀጠር ብዬ እንዳይመስላችሁ። እንደሱ ያሉ ብዙ ናቸው። የማታ ጥበቃዎቹን ቀርባችሁ ብትጠይቁ የራዲዮ ኦፕሬተር የነበረ፣ የሕክምና ረዳት የነበረ፣ ከባድ መኪና የነዳ፣ መጋዘን ያስተዳደረ ሰው ታገኛላችሁ። ሁሉም በር ላይ ነው። ለምን?

ወንድሜ እንደመጣ በመጀመሪያ የሄደው ቀበሌ ነው። የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባ አለ ተብሎ ሰልፍ ያዘ። ተራው ደርሶ ሲገባ መዝጋቢዋ ስም፣ ዕድሜ፣ ትምህርት ጠየቀችው። የሥራ ልምድ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ «ወታደር» ብላ ጻፈች። በቃ። ልጅቷን አልወቅስም፤ ከኋላው የቆመው ሰው ብዛት ፋታ አይሰጥም ነበር፣ ቅጹም ቢሆን ከዚያ በላይ የሚጽፉበት ቦታ የለውም። ግን የ11 ዓመት ሞተር እዚያች አንድ ቃል ውስጥ ጠፋ። ከሠራዊቱ የተሰጠው መሸኛም እንዲሁ ነው፤ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ ከዚህ እስከዚህ ማገልገሉን ይላል፣ ስለ ሙያው አንድ መስመር የለውም። ካርድ ሰጥተው «ሥራ ሲገኝ እንደውላለን» አሉት። ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ስልኩን ቀይሮ አያውቅም።

እስቲ አሁን ወደ እኔ ቢሮ ልምጣ። እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሥራ አገናኝ መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። የመጣውም በሩብ ዓመቱ ስንት ሰው እንደቀጠርን ቁጥር ሊወስድ ነው፤ ለሪፖርት። ምን ዓይነት ሠራተኛ እንዳጣን አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል፤ ያን ቀን ወንበር ስቤ ሻይ አዝዤ ብነግረው ኖሮ ምናልባት የሆነ ነገር ይጀመር ነበር።

እንግዲህ የኔ ነጥብ ይቺ ናት፤ ሥራ ፈላጊን መመዝገብና ሥራ ማገናኘት የተለያዩ ናቸው። ለመመዝገብ ጠረጴዛ ይበቃል። ለማገናኘት እግር ያስፈልጋል። የቀጣሪውን በር የሚያንኳኳ ሰው ከሌለ ዝርዝሩ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል፣ ኮምፒውተር ውስጥ ቢገባም ያው ነው። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በ2014 ከተቋቋመ ወዲህ ምዝገባውን በዲጂታል የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ለማድረግ ብዙ እንደተለፋ አውቃለሁ፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ አላጣጥለውም። ግን ሥርዓቱ ላይ የሚጻፈው አሁንም «ወታደር» ከሆነ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ?

ደላላው ለምን እንደሚያሸንፍ ታውቃላችሁ? ስለሚዞር ነው። የትኛው ሆቴል ዛሬ ጠዋት አስተናጋጅ እንደሄደበት፣ የትኛው ቤት ሠራተኛ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ግንባታ ላይ አናጢ እንዳለቀ ከቀበሌ በፊት ይሰማል። በእግሩ ወይም በባጃጅ ሄዶ ይጠይቃል። ኮሚሽኑን ከሁለቱም ወገን ይበላል፣ አንዳንዱም ምንም ከሌላት ልጅ ላይ የመጀመሪያ ደሞዟን ይነጥቃል፤ ይሄ ነውር ነው፣ በሕግም መጠየቅ አለበት። ነገር ግን ሥራውን ያውቀዋል። መንግሥት በነፃ የሚሰጠውን አገልግሎት ሰው በገንዘቡ ከደላላ የሚገዛው ሞኝ ሆኖ አይደለም።

እኛ ሐዋሳዎች ደግሞ መዞሩ እንደሚቻል በዓይናችን አይተናል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሐምሌ ሲመረቅ 52ቱን ሼድ የሚሞላ ሠራተኛ ከየት ይመጣል የሚል ጭንቀት ነበር። ያኔ የተደረገው ምን ነበር? ፋብሪካዎቹ የሚፈልጉትን ተናገሩ፤ የያኔው ደቡብ ክልል ሰዎች በየወረዳው፣ በየቀበሌው ወርደው መዘገቡ፤ ልጆቹ ሐዋሳ መጥተው የእጅ ቅልጥፍናቸው ሳይቀር ተፈትኖ ለየፋብሪካው ተመደቡ። ብዙ ጉድለት ነበረበት። የመነሻ ደሞዙ በወር ከ1 ሺህ ብር በታች ነበር፣ የቤት ኪራዩ ሰማይ ነካ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራትና አምስት ሆነው የሚኖሩ ልጆች ነበሩ፣ ብዙዎቹም ወራት ሳይቆዩ ጥለው ሄዱ። እንዲያም ሆኖ መሥሪያ ቤቱ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። ከዚያ በ2014 ታኅሣሥ አሜሪካ አጎዋ የሚባለውን፣ ዕቃ ወደ ገበያዋ ያለ ቀረጥ የማስገባት ዕድል ስትዘጋ ትልልቆቹ ገዢዎች ፊታቸውን አዞሩ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ከሥራ ወጡ። ሰልጥነው፣ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው መስፋት የሚችሉ ልጆች ናቸው። ያኔ ግን «የትኛዋ ምን ትችላለች፣ ማንስ ይፈልጋታል» ብሎ የዞረ ሰው አላየሁም። ስናመጣቸው ተሯሯጥን፣ ሲወጡ ዝም አልን።

ስለ ጥበቃ ኤጀንሲዎችም ሳልናገር አላልፍም። ዛሬ የተመለሰን ወታደር ከቀጣሪ ጋር በዋናነት የሚያገናኙት እነሱ ናቸው፤ ይህን ሐቅ መካድ አይቻልም፣ ወንድሜም እንጀራ የበላው በእነሱ በኩል ነው። ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ የሚለው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚያገለግለውን ነው። እኔ ደግሞ የኤጀንሲ ደረሰኝ በየወሩ በእጄ ያልፋል። ድርጅታችን ለአንድ ጥበቃ የሚከፍለው ከ9 ሺህ ብር በላይ ነው። የጥበቃው እጅ የሚገባው 4 ሺህ 500። ከመሃል የአሠሪው የጡረታ መዋጮ አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ ግብር አለ፣ ተተኪ ሰው አለ፤ አውቃለሁ፣ ደምሬ ቀንሼ አይቼዋለሁ። ያም ሆኖ ልዩነቱ አልዋጥልህ አለኝ። ቢያንስ ሠራተኛው በስሙ ስንት እንደሚከፈል የሚያይበት ወረቀት ይሰጠው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይህን ለመጠየቅ አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለበትም።

ሌላው ተያዥ ነው። ይሄን ያልደረሰበት ሰው አያውቀውም። ሹፌር ልትሆን ተያዥ፣ መጋዘን ልትይዝ ተያዥ፣ ጥበቃ ልትሆን እንኳ ተያዥ። ያውም ደሞዙ ይህን ያህል የሆነ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው። ከ18 ዓመቱ ጀምሮ በረሃና ካምፕ ውስጥ የኖረ ሰው ከተማ ውስጥ ማንን ያውቃል? ለወንድሜ ተያዥ የሆንኩት እኔ ነኝ። ከእሱ ጋር አብሮ የተሰናበተ ጓደኛው፣ እዚህ ዘመድ የሌለው፣ የሹፌርነት ፈተናውን አልፎ በተያዥ ምክንያት ቀርቶ ዛሬ አሞራ ገደል ዓሣ ይሸከማል። አገር ሲጠብቅ መሣሪያ የታመነ ሰው የመኪና ቁልፍ ለመረከብ ተያዥ አጣ። ይህ ሲነገረኝ የምለው ጠፋኝ።

ሚኔሶታ የምትኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አለች፤ ባሏ የአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሎ ወጥቷል። ሥራ ፍለጋ በሰፈራቸው ወዳለው የሥራ ማዕከል ሲሄድ ገና በሩ ላይ «ወታደር ነበርክ?» ተብሎ እንደተጠየቀ ነገረችኝ። እንዲህ ዓይነት ማዕከል በአገሪቱ ከ2 ሺህ በላይ አለ፤ በ2002 በእነሱ አቆጣጠር በወጣ ሕግ ደግሞ የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ገንዘብ በሚሰጠው የሥራ አገልግሎትና ሥልጠና የቀድሞ ወታደር ቅድሚያ ያገኛል። ከሁሉ የገረመኝ ግን አንድ ነገር ነው። ሥራው ቀጣሪዎች ጋ እየሄደ ስለ ወታደሮቹ ማስረዳት ብቻ የሆነ ባለሙያ አላቸው። ወታደሩን የሚያማክረው ሌላ፣ ቀጣሪውን የሚያንኳኳው ሌላ። የእነሱን ገንዘብ አምጡ አልልም። አንድ ሰው በክፍለ ከተማ መድቦ «አንተ ከሳምንቱ ሦስቱን ቀን ቢሮ እንዳላይህ» ማለት ግን ስንት ብር ይፈጃል?

ልጅ ሆኜ፣ በ1983 የደርግ ሠራዊት ሲበተን ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ባዶ እጁን ወደየቤቱ ሲጎርፍ፣ መናኸሪያ አካባቢ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቁጭ ብለው የነበሩት ሰዎች ፊት እስከዛሬ አይጠፋኝም። እናቴ ቆሎ ታስይዘኝ ነበር። ያኔም ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር። አሁንም ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በ2015 ተቋቁሞ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዶ እየሠራ ነው። ይሳካለት። ግን እንደ ወንድሜ ከመደበኛው ሠራዊት በጉዳት ተሰናብቶ ነጠላ ነጠላውን የሚመጣው ሰው የሚወድቀው ቀበሌ ላይ ነው፤ ቀበሌውም ካርድ ይሰጠዋል። ሐዋሳ ራሷ ስትቆረቆር እኮ መሬት ተሰጥቷቸው ከሰፈሩባት የመጀመሪያ ሰዎች መካከል ጡረተኛ ወታደሮች ነበሩ። ለከተማችን እንግዳ አይደሉም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ምዝገባው ላይ «ምን ሠርተሃል» ከሚለው በታች «በእጅህ ምን ትችላለህ» የሚል መስመር ይጨመር፣ ለእሱም አሥር ደቂቃ ይሰጥ። ወታደሩ ከመሰናበቱ በፊት እዚያው ካምፕ በሙያው ይመዘን፤ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና የሚመዝነው ችሎታን ነው፣ ችሎታው ከኮሌጅም ይምጣ ከሥራ ላይ፣ ስለዚህ ለመካኒኩም ለሕክምና ረዳቱም መንገዱ ክፍት ነው፣ የጎደለው ወስዶ የሚያስመዝነው ነው። የተያዡን ነገር ደግሞ ክፍለ ከተማው ወይም የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ኃላፊነቱን የሚወስድበት መንገድ ይፈለግለት። ቀጣሪዎችም፣ እኔን ጨምሮ፣ ማስታወቂያችንን እንየው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚደነግገው አዋጅ 568/2000 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው፣ አሁንም «ሙሉ ጤነኛ» የሚል መስፈርት ያለምክንያት እንጽፋለን። አንድ የሚያነክስ ሰው ኢንጀክተር መፍታት አይችልም ያለው ማነው?

ያን የአራት ወር ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ዲፕሎማ፣ ሲኦሲ ደረጃ 3፣ 4 ዓመት ልምድ፣ ሙሉ ጤነኛ» ይል ነበር። ባለፈው ሰኞ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተነጋግረን «በሲኦሲ የተመዘነ ወይም በተግባር ተፈትኖ ያለፈ» ብዬ ቀየርኩት፣ «ሙሉ ጤነኛ» የሚለውንም አወጣሁት። ፈተናው ዝግጁ ነው፤ ጓሮ የተቀመጠ የማይነሳ ጄኔሬተር አለን። ወንድሜን የምፈትነው እኔ እንዳልሆን ስለጠየቅኩ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ይፈትነዋል። ቦታው ግን ሁለት ነው። ለሁለተኛው ሰው ዝርዝር እንዲልኩልን ለክፍለ ከተማው የሥራ ጽሕፈት ቤት ትናንት ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ የገቢ ቁጥሩም በእጄ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ሄጄ እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ
ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ