ዝቋላን ከመጋቢት በፊት አስቡት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኤርታሌ ስትጽፉ ሁሌም ደስ ብሎኝ ነው የማነበው፣ ግን ዝቋላስ? ኤርታሌ እየነደደ ስለሆነ ቱሪስቱም ሚዲያውም ይሮጥለታል፣ ዝቋላ ደግሞ እሳቱ ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ያለፈው እሳተ ገሞራ ነው፣ ከቢሾፍቱ ወደ ደቡብ ሜዳው መሀል ብቻውን ተገትሮ ጫፉ 2989 ሜትር ይደርሳል፣ ከሥሩ ካለው ማሳ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ማለት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ሲል እኮ ከአዲስ አበባም ይታያል።

ላዩ ላይ ያ ድሮ እሳት ሲተፋ የነበረው አፍ አሁን 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጎድጓዳ ሆኖ ሐይቅ ይዟል፣ ዙሪያውን የጽድ ጫካ፣ ጫካው ውስጥ ጉሬዛ። ታች ያለው አገር እንዳለ ታርሶ ይሄ እንዴት ተረፈ ካላችሁ በገዳሙ ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ 60 አንበሳና 60 ነብር አስከትለው የኖሩ፣ እዛ ሐይቅ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው 100 ዓመት ለኢትዮጵያ የጸለዩ ጻድቅ ናቸው ይባላል፣ ታዲያ እዛ ቦታ ላይ ማን ደፍሮ መጥረቢያ ያነሳል? የአካባቢው ኦሮሞም ሐይቁን ያከብረዋል፣ በበዓሉ ቀን ክርስቲያኑም በአባቶቹ ሥርዓት የሚለምነውም አንድ ዳገት ነው የሚወጡት። ለኔ ዝቋላ ማለት ይሄ ነው፣ ጫካውን ከእምነቱ ለይቶ ማየት አይቻልም።

እኔን የሚያሰጋኝ መጋቢት ነው። ትልልቆቹ በዓላት ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ናቸው፣ ጥቅምት ላይ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ መሬቱ እርጥብ ነው፣ መጋቢት ግን ሣሩ ክው ብሎ በደረቀበት ሰዓት ያ ሁሉ ሕዝብ ሻማና ክብሪት ይዞ ይወጣል፣ የሚያድረውም ሻይ ያፈላል እሳት ይሞቃል። በመጋቢት 2004 ዓ.ም ጫካው ሲቃጠል ከአዲስ አበባና ከቢሾፍቱ ሳይቀር ወጣቱ ሄዶ ነው ከመነኮሳቱና ከገበሬው ጋር የተረባረበው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ግን በየጊዜው ሰው ከከተማ እየጠራን አንዘልቀውም፣ ጽድ ደግሞ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አይደለም፣ አንዴ ከነደደ የእኛ ዕድሜ አይደርስበትም።

መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም። እሳት የሚነድበት ቦታ ከጫካው ወጣ ብሎ ቢለይ፣ እሳት እንዳይሻገር ሣሩ በመስመር ቢመነጠር፣ በበዓሉ ሰሞን ውሃ የያዘ ቦቴና ጠባቂ ቢኖር (ፕላስቲኩንም የወሰደው ሰው ይዞት ቢወርድ) ብዙ ነገር ይተርፋል። ከናንተ የምለምነው የካቲት ላይ ጋዜጠኛ ልካችሁ ገዳሙንም ወረዳውንም ዘንድሮ ምን አዘጋጃችሁ ብላችሁ እንድትጠይቁልንና መልሳቸውን ከበዓሉ በፊት እንድታትሙልን ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ